የዘርፈሽዋል ዓርብ

ዘርፈሽዋል ሮማ ከገባች ጀምሮ ሥራዋ ፊሳ ነው። ፊሳ ማለት እዚያው አሠሪዋ ቤት አድራ፣ እዚያው ነቅታ የምትሠራ ሴት ናት። የፊሳ ሳምንት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የራሷ ነው፤ የቀረው የቤቱ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለፈ ሰው ያያቸዋል። ጫማቸውን ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ከንፈራቸውን ትንሽ ቀባ አድርገው በየጥጉ ቆመው ሲያወሩ፣ ጠዋት ጓንት አጥልቀው የሰው ሽንት ቤት ሲያጥቡ የነበሩ አይመስሉም።

ልጇን ቅድሳንን ያሳደገቻት በእነዚህ ሐሙሶችና እሑዶች ነው። አባትየው ልጅቷ ጥርስ ሳታወጣ ወደ ስዊድን ተሻግሮ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ መነኮሳት የሚይዙት የሕፃናት ማቆያ ነበረች፤ ቀጥሎ እነዚሁ መነኮሳት ዘንድ አዳሪ ሆና ተማረች። ሁለተኛ ደረጃ፣ እነሱ ሊቼዮ የሚሉት ስትደርስ ደግሞ የዘርፈሽዋል ጓደኛ ኣስገደት ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ከተከራየችው ቤት አንዷን ክፍል ለቀቀችላት። ኣስገደት የአስመራ ልጅ ናት፤ ካቶሊክ ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ፣ ልቧ ግን እንደ ቅቤ ነው።

ቅድሳን አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷ እናቷን አልፏል። ሐሙስ ሐሙስ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይገናኛሉ። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በጣሊያንኛ ትመልሳለች።

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ቤኔ።»

«ምን በላሽ?»

«ፓስታ።»

«ኣስገደትስ ደኅና ናት?»

«ቤኔ፣ ማማ፣ ቤኔ።»

ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስትተኩስ፣ አሠሪዋን ሲኞራዋን ስታለብስና ስታወልቅ ያጠራቀመችው ጨዋታ በእነዚህ ሁለት ቃላት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ታወጣለች፤ እናትየው ደግሞ ጎንበስ ያለውን አንገቷን፣ ጆሮዋ ጀርባ የቀረችውን ያልተጎነጎነች ፀጉር ታያለች። ልንካት ትልና እጇን መልሳ ቦርሳዋ ላይ ታስቀምጣለች።

ልጇ እንደምትዘፍን የነገረቻት ኣስገደት ናት።

«አንቺ፣ ይህቺ ልጅ ምን ያለ ጉሮሮ ነው ያላት!» አለቻት አንድ እሑድ። «መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትለቀው፣ ከላይ ያለው ሰውዬ መርገጡን ትቶ ያዳምጣል። እኔን እንኳ ወጥ አሳረረችብኝ።»

«የእኔ ልጅ? ቅድሳን?»

«የለም፣ የጎረቤቱ ድመት!»

ዘርፈሽዋል የልጇን ዘፈን ሰምታ አታውቅም። እሷ በደረሰችበት ቤት ልጅቷ ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ ማክሰኞ ማታ ለኣስገደት ደውላ ስልኩን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እንድትይዝላት ለመነቻት። ሲኞራዋ እንዳይሰሙ እሷም የራሷን መታጠቢያ ቤት በር ዘግታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። የሰማችው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ከውሃው ሥር የሆነ ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ነበር፤ ልጇ ትሁን ቧንቧው ሳትለይ መሥመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰሃን ስታጥብ ቧንቧውን ከፍታ ሳታስበው ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች።

ከሐሙስና ከእሑድ ሌላ ዘርፈሽዋል በዓመት አንድ ዓርብ አላት። ሲኞራ ኦርኔላ ቤት ስትቀጠር አጥብቃ የጠየቀችው ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ የስቅለት ዕለት። በዚያ ቀን የሲኞራ የእህት ልጅ መጥታ እዚያው ታድራለች፤ ዘርፈሽዋል ከጎሕ እስከ ማግሥቱ ነፃ ናት። የፈረንጆቹ ፋሲካና የእኛ አንዳንድ ዓመት ይገጥማሉ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ወር ያህል ይራራቃሉ። ሲኞራ ኦርኔላ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው፣ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው ያላረጀ ሴት ናቸው።

«አሎራ፣ ዘርፋ፣» ይሏታል በየዓመቱ፣ «እኛ ዘንድ እኮ ተነሥቷል። ወሬው እናንተ ጋ ገና አልደረሰም?»

«ወሬው በእግሩ ነው የሚመጣው ሲኞራ፤ ሩቅ ነው፣ ይዘገያል፣» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ስቀው ይለቋታል።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች ወር ከምናምን ተራርቀው ዋሉ። የዐቢይ ጾም ገና አጋማሽ ላይ ሳለ፣ አንድ ሐሙስ እናትና ልጅ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፒሳ ሮሳ ይበላሉ። ፒሳ ሮሳ ቲማቲም ብቻ የተቀባች፣ አይብ የማይደርስባት ናትና ለጾመኛ ሮማ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ወዳጅ የለም። ቅድሳን የጣቷን ዘይት በወረቀቱ ጠረገችና፣ ወደ እናቷ ሙሉ በሙሉ ዞረች።

«ማማ፣ ትሬ ማጆ ዓርብ ነው። ያቺ ዓርብሽ ናት አይደል? የምትለቀቂባት?»

ዘርፈሽዋል ቀኑን ለመቁጠር ጣቷን ማንሣት አላስፈለጋትም። ትሬ ማጆ፣ በፈረንጆቹ ሜይ ሦስት፣ ለሲኞራ የነገረችው ቀን ነው። «አዎ፣ እሷው ናት። ምነው?»

«ቲያትር አለን። ሙዚካል ነው፤ ከንግግሩ ዘፈኑ የሚበዛ። አሜሪካኖች ድሮ ብሮድዌይ ላይ ይሠሩት የነበረ፣ አያቶች ሁሉ የሚያውቁት። የእንግሊዝኛ ፕሮፌሶሬሳችን ወደ ጣሊያንኛ መለሰችው። እኔም አለሁበት። ለብቻዬ የምዘፍነው አንድ ዘፈን አለ።»

ከብዙ ጊዜ ወዲህ ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር እናትየው አልሰማችም። ጉንጯ ቀልቷል።

«መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር የተባለው፤» አለች ቅድሳን፤ «ቅዳሜ ደግሞ አንቺ አትችዪም። ሐሙስ ለሲኞራ እራት መመለስ አለብሽ። እሑድ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሶሬሳዋን ለመንኳት። እናቴ በዓመት አንድ ዓርብ አላት፣ እባክሽ ወደዚያ አምጪው አልኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች። ከዚያ ሁሉንም ልጆች አስፈረምኳቸው፤ እሺ አለች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተሻል፣ አይደል?»

ቅድሳን ስለዚያ ዓርብ የምታውቀው እናቷ ጠዋት ነጠላ ለብሳ ወጥታ፣ ማታ ጉልበቷን እያሸች እንደምትመለስ ብቻ ነው። ቀኑ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቀን ስለሚሆን አብራት ሄዳ አታውቅም። በሰሙነ ሕማማት ከበሮ እንደሚቀመጥ፣ እልልታና ጭብጨባ እንደሌለ፣ ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለሸጠ ሰው ከሰው እንኳ ተሳስሞ ሰላም እንደማይባባል፣ ከሁሉም ቀን ደግሞ ስቅለት ስግደትና ዕንባ እንጂ ዘፈን ቤት የሚኬድባት ቀን እንዳልሆነች የነገራት የለም። መንገር የነበረባት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት ውስጥ የቱን ነግራ የቱን ትተው?

ዘርፈሽዋል ልጇን አየቻት። ያ ፊት ትንሽ ሆና መነኮሳቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቃትን ጊዜ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አይታት አታውቅም።

«ቫ ቤኔ፣» አለች። «እመጣለሁ።»

እሑድ ለኣስገደት ስትነግራት ኣስገደት ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ ጉድ ፈላ። ልጅቷ አንቺን ብላ ከቀኑ ሁሉ መርጣ መርጣ ስቅለት ላይ ጣለችው።»

«ምን ላድርግ?»

«ሂጂያ! አንቺ ሴትዮ፣ ክርስቶስ በአንቺ ልጅ ዘፈን ነው ዳግመኛ የሚሰቀለው?»

«አትዳፈሪ ኣስገደት!»

«እሺ አልዳፈርም። እንዳልሄድልሽ ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። በስልክ እንዳይቀርጹ ደግሞ ከልክለዋል፤ ቅድሳን ነግራኛለች። ንገሪያት እንግዲህ፣ ይለውጡት።»

«ምን ብዬ ነው የምነግራት? ስንቱን ልጅ አስፈርማ? ሕይወቷን ሙሉ ነይ ያለችኝ አንድ ቀን ነው፣ ያንኑ ልመልስባት?»

«እንግዲያው አትሂጂ።»

«አትሂጂማ አትበይኝ!»

ኣስገደት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። «ሂጂ ስልሽ ትቆጪ፣ አትሂጂ ስልሽ ትቆጪ። ቅድስት ማርያም ትፍረድ።»

ዘርፈሽዋል እየተነሣች እየተኛች አሰበችው። የሲኞራን ትራስ እያገላበጠች አሰበችው። አንዱን ቀን ስግደቱን ትታ ብትሄድ ፊቷን ለማን ታሳያለች? ልጇ ዘንድ ሳትሄድ ብትቀርስ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠራታል? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ወደ ሚላኖ ነው፣ ወደ ለንደን ነው ትሄዳለች፤ የማን ልጅ ሐሙስን ስትጠብቅ ትኖራለች?

የስቅለት ዕለት ማልዳ ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ ከካቶሊኮች በውሰት የተገኘ ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው በፈረንጅ ሥዕል የተሞላ ነው። ሴቶቹ ጉልበታቸው እንዳይላጥ ከቤት ያመጡትን ብርድ ልብስ አጥፈው አንጥፈውበታል። ነጭ በነጭ ሆነው፣ ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ እየቆሙ፣ ኪርያላይሶን ሲባል እየወደቁ ዋሉ። ዘርፈሽዋል ውሃ አልቀመሰችም። ግንባሯ ወለሉን ሲነካ ቅዝቃዜው ደስ ይላታል፤ ከዚያ ሳታስበው ልቧ ወደ ልጇ ይሸሻል። አሁን ልብሷን እየለበሰች ይሆን? ፊቷን እየቀቧት ይሆን? «ይቅር በለኝ፣» ትልና እንደገና ትወድቃለች። ቀኑን ሙሉ የሰገደችው ግማሹ ለበደሏ፣ ግማሹ ስትሰግድ ለበደለችው ነበር።

በአራቱ ማዕዘን ዞሮ ስግደቱ ሲያልቅ ጥብጠባ ሆነ። ሕዝቡ በካህናቱ ፊት ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ በደሉን በጆሮ ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ይሰጡታል። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። በዚያ ሰዓት ሹልክ ብላ ብትወጣ በጊዜ ትደርስ ነበር። አልወጣችም፤ ሳትነግር መሄዱ እንደ ሌብነት ሆነባት። ቆመች። ሰልፉ እንደ ሲኞራ ኦርኔላ እርምጃ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ አባ ተወልደ ብርሃን በደከመ ዓይን አዩአት። ስቅለትን ቆመው የዋሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን በደልሽ ልጄ?»

«ገና ነው አባ።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ገና አልበደልኩም። አሁን ከዚህ ስወጣ ነው የምበድለው።»

አባ ወይራውን እንዳነሡ ቀሩ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ጉርምርም አሉ።

«ሳይሠራ የሚናዘዙት ኃጢአት የት አገር ያለ ነው? ንገሪኝ እስቲ።»

ነገረቻቸው። ሐሙሶቹን፣ ዓርቡን፣ ልጅቷ ለምና ቀኑን ማስለወጧን፣ መታጠቢያ ቤቱን ጭምር።

«ዘፈን ነው?»

«ዘፈን ነው አባ። ጭብጨባም አለው መሰለኝ።»

«ሂጂ እንድልሽ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም አባ።»

«አትሂጂ እንድልሽ?»

«እሱንም አይደለም።»

«እና ምን ላድርግልሽ?»

«ስግደቱን አሁኑኑ ይስጡኝ። ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ።»

አባ ተወልደ ብርሃን ጢማቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉ፤ የሳቁ እንደሆነ አልታወቀባቸውም።

«አውቶቡስ መሰለሽ፣ ትኬቱን አስቀድመሽ ቆርጠሽ የምትሳፈሪው? ቀድሞ የሚከፈል ስግደት የለም።» ወይራውን ትከሻዋ ላይ ሦስቴ ቸብ አደረጉ። «ይሄ ለሌላው ነው። የዚህኛውን ሠርተሽው ነይ፤ እኔ የትም አልሄድም። አሁን ዞር በዪ፣ ሰው ቆሟል።»

ትራሙ ላይ ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማ ሄደች። አንድ ወጣት ተነሥቶ ወንበር ለቀቀላት፤ አመስግና አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች የምትነሣ አልመሰላትም። ፖርታ ማጆሬን አልፋ ስትወርድ ጀንበሯ ከፎቆቹ ጀርባ ገብታለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ሲኞራ፣ ለቲያትሩ ነው? ሁለተኛው ክፍል እኮ ተጀምሯል።»

«የመጀመሪያው አለቀ?»

«ቅድም አለቀ። ግቢ፣ ግቢ፣ ቀስ ብለሽ።»

ከኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ሽቶና ላብ ይሸታል። መድረኩ ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካን ቤት ተሠርቷል፤ ከካርቶን መሆኑ ያስታውቃል፤ ደረጃው ግን የእውነት ነው። ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶችና ባርኔጣ የደፉ ወንዶች እየዘፈኑ ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ፕሮፌሶሬሳዋ ከታች ፒያኖ ትመታለች። ዘርፈሽዋል በሰፊ ቀሚሶቹ መካከል ልጇን ፈለገች። የለችም።

ከዚያ የጎን በር በክርን ተገፋና አንዲት ሠራተኛ ገባች። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ፣ በሁለት እጇ ትሪ ይዛለች። ቅድሳን ናት።

እናትየው መጀመሪያ የተሰማት እንደ ጥፊ ያለ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ልጅ መሀል ሽርጡን ለማን አሰሩት! እንደገና ስታያት ግን ልጇን ማየት ትታ ሌላ ሰው አየች። ቅድሳን በሩን በዳሌዋ መልሳ ዘጋች። ትሪውን ከማስቀመጧ በፊት በአንድ እጇ ይዛ፣ ንጹሕ የሆነውን ጠረጴዛ በሽርጧ ጫፍ አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገች። ጌቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ወገቧን በቡጢዋ ያዝ አድርጋ ተነፈሰች፤ ሲመለሱ እጇ በቦታው ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ሲቀልድ ሳቋን በመዳፏ ጀርባ ሸፈነች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ የመዳፍ ጀርባ የዘርፈሽዋል ነው። ወገቡም የእሷ ነው፤ በሩም የእሷ ነው።

«ብራቫ፣» አለ አጠገቧ የተቀመጠ አባት ለሚስቱ፣ «የእውነት ትመስላለች።»

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችው። መቼ አየችኝ? አለች በሆዷ። ልጅቷ ሲኞራ ቤት የገባችው በጣት በሚቆጠር ቀን ነው፤ ትኩሳት ይዟት ወይም መነኮሳቱ ሲዘጉ፣ ወጥ ቤት ጥግ ተቀምጣ ቀለም ስትቀባ። ወረቀቷን የምታይ ይመስል ነበር። ሐሙስም ቢሆን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ነው የምትውለው። መድረኩ ላይ ያለችው ልጅ ፊት ላይ ፌዝ ፈለገችበት፤ አላገኘችም። ቅድሳን ትሪውን የያዘችው ሰው ታቦት እንደሚይዘው ነው።

በዚያ ክፍል ሠራተኛዋ ቃል አልነበራትም። ትገባለች፣ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ዘርፈሽዋል አሁን ትዘፍናለች፣ አሁን ትዘፍናለች እያለች ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ፒያኖው በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። መጨረሻው ዘፈን የሁሉም ነበር፤ አርባ ልጅ አንድ ላይ ሲጮህ የአንዷን ድምፅ ማን ይለያል? መብራት በራ። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዘርፈሽዋልም ተነሣች። እጇ ሊገናኝ ሲል ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፤ ጣቶቿን እርስ በርስ ቆልፋ ያዘቻቸው። ከመድረኩ ላይ የቅድሳን ዓይን ነጩን ነጠላ አገኘው።

ኮሪደሩ ላይ ሽርጧን ሳትፈታ ሮጣ መጣች፤ የፊቷ ቀለም በላብ ወርዷል። ልትስማት ስትንደረደር ዘርፈሽዋል ሳታውቀው መዳፏን የልጅቷ ደረት ላይ አደረገች።

«አይሳምም፣ እናቴ። ሕማማት ነው።»

ልጅቷ ባለችበት ቆመች። «ምን ማለት ነው አይሳምም? አላጨበጨብሽም ደግሞ። አየሁሽ። ሁሉም ሲያጨበጭብ ያንቺ እጅ ጠፋ። ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው? ተናደድሽ?»

«የለም፣ የለም! በማርያም።»

ግድግዳው ሥር፣ ወላጆችና አበባ የያዙ ልጆች እያለፉባቸው፣ ነገረቻት። የነገረቻት በአማርኛ ነው፤ ቃሉ ልጅቷን ሲከብዳት በጣሊያንኛ ታግዛታለች። ከበሮው ስለምን እንደሚቀመጥ፣ መሳም ስለምን እንደሚቀር፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስታደርግ እንደዋለች። ቅድሳን ቀስ በቀስ አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች።

«ያቺ ዓርብ ይህች ናት? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ቅዳሜ ይሆን ነበር እኮ!»

«ቅዳሜማ ሥራ ነኝ።»

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ዕንባ አስከተለ። በሽርጧ ጠረገችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤

«ዘፈኔንስ? ወደድሽው?»

ዘርፈሽዋል አዎ ማለት ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጥቷል። ነገር ግን ወይራው ትከሻዋ ላይ ገና አልደረቀም።

«አልደረስኩም፣ ቅድሳን። ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

ልጅቷ ሽርጧን ፈታች፣ በአራት አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። «ልብሴን ልቀይርና እንሂድ፣» አለች።

ትራሙ ፌርማታ ላይ ሰው አልነበረም። አየሩ ለስለስ ያለ ነው፤ ከግንቡ ማዶ የብርቱካን አበባ ይሸታል። ዘርፈሽዋል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቅድሳን ፊት ለፊቷ ቆመች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ትንፋሽ ሳበች።

«እዚህ እዘፍንልሻለሁ።»

እናትየው አስታወሰች፤ ያቺ የገንዳ ጠርዝ፣ ያ ሁሉ ውሃ። «ዛሬ አይሆንም፣» አለች።

«በጣም ቀስ ብዬ።»

«ቀስ ብለሽም ቢሆን። ቲያትሩንስ ገባሁ፤ የሰው ነው። ይሄኛው ግን የእኔ ነው፤ ራሴ አስዘፈንኩሽ ማለት ነው።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ዜማውን ተይውና ቃሉን ብቻ ንገሪኝ። እኛም ስናነብ ነው የዋልነው።»

ቅድሳን አጠገቧ ተቀመጠች። ትምህርት ቤት ግጥም እንደሚያነብ ሰው፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በጣሊያንኛ ጀመረች።

«በዚህ ቤት መስኮት ብዙ ነው፤ ሁሉንም ወልውያለሁ። በአንዱም በኩል ባይ፣ የእኔ ቤት አይታየኝም።»

«እንዲህ ነው የሚለው?»

«እንዲህ ነው። አታቋርጪኝ።»

«ሲኞራ እኮ መስኮት አያስወለውሉኝም። ከታች ያለው ሰውዬ ነው የሚወለውለው።»

«ማማ!»

«እሺ፣ እሺ። ቀጥዪ።»

«ከታች በመንገዱ ያቺ ትንሽ ልጅ ብታልፍ፣ በአረማመዷ አውቃታለሁ። ቀና እንድትል አልጠራትም፤ መስተዋቱ እስኪደርቅ ቆሜ አያታለሁ።»

ዘርፈሽዋል የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «ፕሮፌሶሬሳዋ ናት ይህን ሚና የሰጠችሽ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኳት። ሰፊ ቀሚስ ነበር የሰጠችኝ።»

ትራም መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ማንም አልወረደም። ነጂው አያቸው፤ አልተነሡም፤ ዘግቶ ሄደ።

«ይቺን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ፣» አለች እናት።

ቅድሳን ደገመችላት። ሦስተኛውን ቤት ጀመረች። አሁን ቃላቱ እንደ መጀመሪያው ደረቅ አልነበሩም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ መሸጋገሪያ ላይ የሆነ ነገር መጎተት ጀመረ። የመሥመሩ ጫፍ ላይ ድምፅዋ ሳታውቀው ከፍ አለ፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከዚያ የጠራ። ዘርፈሽዋል እጇን አንሥታ ልታስቆማት ይገባት ነበር። ትራም ይመጣ እንደሆነ የምታይ ይመስል ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች። ዜማው አንድ መሥመር ሙሉ ሄደ፤ ሁለተኛውን አጋመሰ። ከዚያ ቅድሳን ደንግጣ አቆመች።

«ይቅርታ፣ ማማ። አመለጠኝ።»

«ምኑ?» አለች ዘርፈሽዋል፣ ከሐዲዱ ዓይኗን ሳታነሣ።